ቀይ መስቀል የተሰፋበት ድንኳን

ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ «ሸክሜ ከአገር ወጥቶ ማገልገል ነው» ስትሉ ሰምቻለሁ። አንዷ ደቡብ ሱዳንን ታስባለች፤ አንዱ ሕንድን፤ ሌላው በዕርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ በስደተኞች ጣቢያ መሥራት ይመኛል። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን በየጉባኤያችን ስለ ጥሪው ብዙ ሲወራ ስለ ዕለት ኑሮው የሚያነሳ ጥቂት ነው። ውኃው ከየት ይቀዳል? ለሠራተኛው የሚከፈለው በምን ገንዘብ ነው? ቋንቋውን የማያውቅ ሐኪም በሽተኛውን «የቱ ጋ ያምሃል?» ብሎ የሚጠይቀው በማን አፍ ነው? ክፉ ነገር ባየ ጊዜስ ለማን ይናገራል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ በ1928 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡትን የቀይ መስቀል ሰዎች እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ተቀባዮቹ እኛ ነበርን። ነገ ሰጪ ለመሆን የሚዘጋጅ ሰው ነገሩን አንድ ጊዜ ከተቀባዩ በኩል ቢያየው አይጎዳም።

በ1927 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እንደማይቀር ታውቆ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ግን ይህ ነው የሚባል የሕክምና ክፍል አልነበረውም። የቆሰለ ሰው በወንድሙ ትከሻ ወይም በበቅሎ ይመለሳል፤ ካልሆነም እዚያው ይቀራል። በአገሩ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኛዎቹ የውጭ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሚሲዮን ሐኪሞች ነበሩ። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲቋቋም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ፕሬዚዳንት፣ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ላምቢን ከእናንተ ብዙዎቹ በሌላ ታሪክ ታውቋቸዋላችሁ፤ በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቴርየር ሚሲዮንን መልእክተኞች መርተው ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የመጡት እርሳቸው ናቸው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ እንግሊዞች፣ ስዊድኖች፣ ኖርዌዮች፣ ሆላንዶች፣ ፊንላንዶችና ግብፆች የሕክምና ጓድ ላኩ። የግብፆቹ ቀይ ጨረቃ ነበር። እንግሊዞቹ ወደ ሰሜን፣ ሆላንዶቹ ወደ ደሴ፣ ፊንላንዶቹና ግብፆቹ ወደ ሐረርና ወደ ኦጋዴን፣ ስዊድኖቹና ኖርዌዮቹ ወደ ደቡብ ወረዱ። ከጄኔቭ ደግሞ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሁለት ወኪሎች ላከ። አንደኛው ማርሴል ዡኖ የሚባል የ31 ዓመት ስዊሳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር፤ አባቱ ፓስተር ነበሩ።

በሉቃስ ወንጌል ያለውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስታነቡ ዕቃዎቹን ልብ ብላችኋል? ዘይት አለ፤ ወይን አለ፤ ቁስል የሚታሰርበት ጨርቅ አለ፤ የሚጫን እንስሳ አለ፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የሚከፈል ገንዘብም አለ። ሰባኪዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ይህን አልፈው ወደ ፍቅሩ ይሄዳሉ። የ1928ቱ ሐኪሞች ግን ሊያልፉት አልቻሉም፤ ከቀናቸው የሚበልጠውን ሰዓት የሚወስድባቸው ጭነቱ ነበር።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ በካሚዮን ይኬዳል፤ ከደሴ ወዲያ መንገዱ ገና የሚሠራ ነበርና ካሚዮኑ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ እየገፉ ማውጣት ነው። ካሚዮን የማይደርስበት ቦታ ሁሉ በበቅሎና በግመል ነው። ድንኳን፣ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ፣ የኪኒን ሣጥን፣ ፋሻ፣ የቆርቆሮ ምግብ፣ የላምባ በርሜል ሁሉ በጭነት ተመጥኖ፣ በሁለት ወገን ተመዛዝኖ ካልታሰረ በቅሎዋ አትነሳም። ገንዘቡም ራሱ ጭነት ነበር። የገጠሩ ሰው የወረቀት ብር አያምንም፤ የሚቀበለው የማሪያ ቴሬዛን ብር ነው። አንዷ ብር 28 ግራም ትመዝናለች። አንድ ሺህ ብር ይዞ መንገድ መውጣት ማለት 28 ኪሎ ብረት መሸከም ማለት ነው፤ ለበቅሎ ነጂዎች፣ ለዘበኞች፣ ለእህልና ለሣር የሚከፈለው ግን ከአንድ ሺህም ይበልጣል። ስለዚህ ከመድኃኒት ሣጥኖቹ ጋር የብር ሣጥኖች ይጫኑ ነበር፤ ሌሊት ሌሊትም ሰው ይጠብቃቸዋል። ዛሬ በስልክ ገንዘብ የምትልኩ እናንተ ይህ ተረት ይመስላችሁ ይሆናል።

ሐኪሞቹ የመጡት የጥይትና የቦምብ ቁስል ሊያክሙ ነበር። ድንኳን ተክለው ጠዋት ሲወጡ ደጅ ተሰልፎ የሚያገኙት ግን ወባ የያዘው፣ ተቅማጥ ያደከመው፣ ታይፈስ ያጋለው፣ ዓይኑን ትራኮማ የዘጋበት፣ እግሩ ላይ ለብዙ ወር ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው ነው። ወታደሩ ብቻ አይደለም። በዘመኑ የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ የሚያዘጋጁ ሴቶችን፣ ልጆችንና አገልጋዮችን አስከትሎ ይጓዝ ነበር። የአካባቢው ባላገርም ሐኪም መጣ ሲባል ከሩቅ ይመጣል። በጦር ሕክምና ደንብ ብትሄዱ ይህ ሁሉ ሰው «ሥራችን አይደለም» ተብሎ ሊመለስ ይችል ነበር። አልመለሱትም። በእኔ ግምት የእነዚያ ጓዶች ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ የመጡበት ነገር ሌላ ሆኖ ሳለ ደጃቸው የቆመውን ሰው አከሙ።

ስለ አስተርጓሚዎቹ ጥቂት ልበል። ከስዊድንና ከእንግሊዝ የመጣ ሐኪም አማርኛም ኦሮምኛም ሶማልኛም አያውቅም። በበሽተኛውና በእርሱ መካከል የሚቆሙት በሚሲዮንና በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ዓመት የተማሩ፣ አብዛኛዎቹ የእናንተ ዕድሜ የነበሩ ልጆች ናቸው። ቁስል ማጠብና ፋሻ መጠቅለልም እዚያው እየሠሩ ተማሩ፤ በኋላ «ድሬሰር» የተባሉት ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ልዕልት ፀሐይና የሴቶች ማኅበር ፋሻ ያዘጋጁ ነበር። ልዕልቲቱ በስደት ለንደን ሄደው ነርስነት ተማሩ፤ በስማቸው የተሠራውንም ሆስፒታል ታውቁታላችሁ። የአስተርጓሚዎቹን፣ የበቅሎ ነጂዎቹንና የድንኳን ተካዮቹን ስም ግን በሐኪሞቹ ማስታወሻ ውስጥ ብትፈልጉ የምታገኙት ጥቂት ነው። የስም ዝርዝር የያዘው ከውጭ የመጣው ሰው ነበርና የተጻፈው የእርሱ ወገን ስም ሆነ።

የጄኔቭ ስምምነት ቀላል ነገር ይላል፤ ቀይ መስቀል ያለበትን ድንኳን ማንም አይመታም። ስለዚህ የጓዶቹ የመጀመሪያ ሥራ ምልክቱን ማሳየት ነበር። በድንኳኑ ላይ ይሰፋል፤ በካሚዮኑ ጣሪያ ላይ ይቀባል፤ ከሰማይ እንዲታይ ተብሎ በመሬት ላይ ትልቅ ጨርቅ ይዘረጋል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩባት በደሴ ላይ አውሮፕላኖች መጡ። ቦምብ ከወደቀባቸው ስፍራዎች አንዱ የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ነበር፤ ቀይ መስቀል ያለባቸው ድንኳኖችም ተመቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወታደሩና ባላገሩ ከቀይ መስቀል ድንኳን አጠገብ መቆም ይፈራ ጀመር። «ይህ ምልክት ቦምብ ይጠራል» አሉ። በሐኪሞቹም መካከል ክርክር ተነሳ፤ ምልክቱን እናሳይ ወይስ እንሸፍን?

ክርክሩን ቀላል አታድርጉት። ምልክቱን ከሸፈንን ስምምነቱ ፈርሷል ብለን ራሳችን አወጅን ማለት ነው፤ ካሳየን ደግሞ የበሽተኞቹን ነፍስ አስይዘን እንቆማለን። ኢጣሊያኖች ምልክቱ የጦር መሣሪያ ይሸፈንበታል እያሉ ይከሱ ነበር። ያለ ቦታው የተሰቀለ ምልክት መኖሩም እውነት ነው፤ ምልክቱ ለአገሩ አዲስ ነበርና ምን ለማድረግ እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል ሁሉም አያውቅም ነበር። ነገር ግን መልካ ዲዳ ላይ የሆነውን ይህ አያስረዳም።

መልካ ዲዳ ራስ ደስታ ዳምጠው በሚመሩት ግንባር በገናሌ ዶርያ ወንዝ አጠገብ ነው። ስዊድኖቹ ድንኳናቸውን የተከሉት እዚያ ነበር። መሪያቸው ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቀደም ሲል በአገራችን በሚሲዮን ሐኪምነት ያገለገለ፣ የሚሲዮናዊ ልጅ ነው። ስፍራው ቆላ ነው፤ ሙቀቱና ወባው ጤነኛውንም ይጥላል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠዋት አውሮፕላኖቹ መጥተው በድንኳኖቹ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ በመትረየስም ተኮሱ። ተኝተው የነበሩ በሽተኞች አለቁ። ከስዊድኖቹ ጉናር ሉንድስትሮም የሚባለው ሞተ፤ ሂላንደር ራሱ ቆሰለ። ከአውሮፕላን በተበተነ ወረቀት ላይ የተሰጠው ምክንያት ሰሞኑን በኦጋዴን የተያዘ ኢጣሊያዊ አብራሪ ስለ ተገደለ ብድር መመለስ ነው የሚል ነበር። የደቡቡን ጦር የሚያዝዘው ግራዚያኒ ነበር። የሉንድስትሮም ስም በስዊድንም በጄኔቭም ተጻፈ። ከእርሱ ጋር የሞቱትን ኢትዮጵያውያን በሽተኞች ግን ታሪኩን የሚተርከው ሁሉ በቁጥር እንጂ በስም አይጠራቸውም።

በሰሜን ደግሞ የእንግሊዞቹ ጓድ በዶክተር ጆን ሜሊ መሪነት ቆረም ደርሶ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የእነርሱም ድንኳኖች በቦምብ ተመቱ። ከዚህ በኋላ ክርክሩ አበቃ። ከሜዳው ለቀው ሸለቆ ውስጥ ተሸሸጉ፤ ከሰማይ እንዲታይ የተሰፋው ምልክት ከሰማይ እንዳይታይ ተደረገ። የቀኑ ሥርዓትም ተገለበጠ። ጦሩ የሚጓዘው ሌሊት ነው፤ ቀን ከዛፍና ከዋሻ ሥር ይውላል፤ ጭስ ስለሚያስታውቅ እሳት የሚነደው ከመሸ ነው። ቁስለኛ የሚደርሰው በጨለማ ሲሆን ቀዶ ሕክምናው በፋኖስ ይሠራል። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሳል።

በመርዝ ጋዙ የተቃጠሉትን ያዩትም እዚህ ነው። ኢጣሊያ ይህን ጋዝ ከታኅሣሥ ጀምሮ ትጥል ነበር። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው፤ በሣርና በድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የነካው ሰው ወዲያው ብዙም አይሰማውም፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፤ ዓይን ይዘጋል፤ የሳበው ሰው ሳንባው ይቃጠላል። የእኛ ወታደር በባዶ እግሩ የሚሄድ ነበር። ሣር ረግጦ የሚያልፍ፣ ከጅረት ጎንበስ ብሎ የሚጠጣ ሰው ራሱን ከዚህ በምን ይከላከል? ሐኪሞቹም የነበራቸው ውኃ፣ ቅባትና ፋሻ ነው፤ ፋሻውም አልበቃም። መጋቢት 8 ቀን ዡኖ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ወደ ቆረም በረረ። አብራሪው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል የ26 ዓመት ስዊድናዊ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ቀይ መስቀል እንደ ተቀባበት በቦምብ ነደደ። ዡኖ በዚያው በጋዝ የተቃጠሉ ሰዎች በሜዳው ላይ ወድቀው ዕርዳታ ሲለምኑ በዓይኑ አየ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የማይጨው ጦርነት ሆነ።

የሜሊን መጨረሻ አጭር አድርጌ ልንገራችሁ። ጦሩ ሲፈታ ጓዱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከተማይቱን ለቀቁ፤ ወዲያው ዝርፊያና ተኩስ ሆነ። ሜሊና ባልደረቦቹ በካሚዮን እየዞሩ የወደቁትን ከመንገድ ያነሱ ነበር። በ25ኛው ቀን ቁስለኛ ለማንሳት በወረደበት አንድ ዘራፊ ተኮሰበት፤ በ27ኛው ቀን ሞተ። የኢጣሊያ ጦር ከተማይቱ የገባውም በዚሁ ቀን ነው። በእርሱ ላይ የተኮሰው ኢጣሊያዊ አልነበረም። ሊረዳው ከመጣው ሕዝብ መካከል የወጣ ሰው ነው። ይህን ዘልዬ ባልፈው ታሪኩ ለእኛ የተመቸ ይሆን ነበር።

አሁን ወደዚያ ወደ መጨረሻው ጥያቄ እንምጣ፤ ያየውን ክፉ ነገር ለማን ይናገራል? የመንግሥታቱ ማኅበር ስለ መርዝ ጋዙ ማስረጃ እንዲሰጠው ዓለም አቀፉን የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጠየቀ። ኮሚቴው የገዛ ወኪሎቹ ሪፖርት በእጁ ነበር። አልሰጥም አለ። ፕሬዚዳንቱ ማክስ ሁበር የሰጡት ምክንያት ገለልተኝነት ነው፤ ኮሚቴው ለአንዱ ወገን ከመሰከረ በሌላው ወገን ያሉትን ቁስለኞችና ምርኮኞች መርዳት ይሳነዋል የሚል። ምክንያቱ ሞኝነት አይደለም። ዛሬም በጦርነት ቀጠና የሚሠሩ የዕርዳታ ሠራተኞች በየቀኑ ይመዝኑታል፤ ዛሬ የጮኸ ነገ ከኬላው ይመለሳል፤ ከእርሱ ጋርም መድኃኒቱ ይመለሳል። አንዳንዶቻችሁ ይህን ስትመዝኑ የምትገኙበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል።

ሆኖም በ1928 ዓ.ም. ሚዛኑ ምን ላይ ነበር? ኢጣሊያ የኮሚቴውን ዕርዳታ ገና ከመጀመሪያው አያስፈልገኝም ብላ ነበር። ስለዚህ በዝምታው ሊጠበቅ የሚችለው በር መጀመሪያውኑ አልተከፈተም። ዝም ማለቱ የጠቀመው ጋዙን የጣለውን ነው፤ «አልጣልንም» ሲል የሚያሳፍረው ማስረጃ በጄኔቭ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎለታልና። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ በየቡድናችሁ ስትወያዩ ሌላ የሚል ቢኖር አዳምጡት። ሰዎቹ በየግላቸው ግን ዝም አላሉም። ከእንግሊዞቹ ጓድ ዶክተር ማክፊ የዕለት ማስታወሻውን በዚያው ዓመት ለንደን ላይ አሳተመ፤ ያከማቸውን የተቃጠሉ ሰዎች ጻፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ቆመው ስለ ጋዙ ሲናገሩ ሐኪሞቹ ያዩትን ያህል ያውቁ ነበር። ዡኖ በመጽሐፉ የመሰከረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ። የኢጣሊያ መንግሥት በመከላከያ ሚኒስትሩ አማካይነት ጋዙን መጠቀሙን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ በባዶ እግራቸው የተቃጠሉት አብዛኛዎቹ በሕይወት የሉም።

ዡኖ ከእኛ አገር እንደ ወጣ ወደ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተላከ፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት። በጳጉሜን 1937 ዓ.ም. 15 ቶን መድኃኒት ይዞ ሂሮሺማ ገባ፤ ከውጭ ወደዚያች ከተማ ከገቡት ሐኪሞች የመጀመሪያው እርሱ ነበር። ቆረም ላይ የተቃጠለ ቆዳ ያየ ሰው እዚያ ምን እንደ ተሰማው አስቡት።

አብራሪው ፎን ሮዘን ሚሲዮናዊ አልነበረም፤ ስለ እምነቱም የምለው የለኝም። ነገር ግን ተመለሰ። ከነፃነት በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አደራጀ። በ1960ዎቹ መካከል ድርቁ ሲበረታ ሽማግሌ ሆኖ እንደገና መጣ፤ መኪና በማይደርስበት ተራራማ አገር ትንንሽ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ከረጢት እንዲጥሉ አደረገ። በወጣትነቱ ከአውሮፕላን የሚወርደውን ሌላ ነገር ያየ ሰው ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ። 67 ዓመቱ ነበር፤ የመጣውም ለዚያው ለእህሉ ሥራ ነው።